ለአቶ ጤና ብቻ የተጋገረ ኬክ

ባሌ የሞተው ልቡ ቆሞ ነው። ይኼን እኔ አውቃለሁ፣ ሐኪሙ ያውቃል፣ ፈጣሪም ያውቃል። የቀረው ሕዝብ አያውቅም፤ ባያውቅም ደግሞ ግድ የለው፣ የሚያወራው አላጣም።

አድማጭ ሁሉ "አቶ ጤና" ነበር የሚለው። ጠዋት ጠዋት በሬዲዮ የጤና ፕሮግራም ነበረው። "እንደምን አደራችሁ ጤነኞች!" ብሎ ይጀምርና፣ ገና ዓይኑን ያልገለጠውን ሰው "ያንን ስኳር አስቀምጡት! አይቻችኋለሁ!" ብሎ ያስደነብረዋል። በእሱ ጦስ ሻያቸውን እንደ ኮሶ መራራ አድርገው የሚጠጡ ባልና ሚስት አውቃለሁ። ልጆችማ ዓይኑን አያሳየን ነው የሚሉት። የልደት ኬክን በካሮት ተኩት ብሎ የመከረን ሰው የትኛው ልጅ ይወዳል?

እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ። የቤታችን የፊተኛው ክፍል የሥራ ቦታዬ ነው፤ የስፌት መኪናዬ መስኮቱ ሥር፣ ጥቅል ጨርቆቹ ግድግዳውን ተደግፈው፣ መሐል ላይ ረጅም መቁረጫ ጠረጴዛ። ባሌ ያንን ጠረጴዛ አይወደውም ነበር። መቀሴን ካነሳሁ ሹልክ ብሎ ይወጣል። አገር ምድሩን ስለ ደም ግፊት ሲያስተምር የሚውል ሰውዬ ስለት ይፈራል ብላችሁ ማን ያምናችኋል? ሽንኩርት እንኳ የምከትፈው እሱ ከቤት ሲወጣ ጠብቄ ነው።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አረፈ። ጠርቼው የመጣው ሐኪም የአባቱንም ልብ ያከመ ሽማግሌ ነው። መርምሮት ሲያበቃ "ያው የአባቱ ልብ ነው" አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ታዋቂ ሰው ስለሆኑ ወሬ ይበዛል፤ የአስከሬን ምርመራ ይደረግ ይላሉ?" ሲል ጠየቀኝ። "ማንም አይቀደውም፣ ጨርቅ አይደለም" አልኩት። በዚህች አንድ ቃል ምን ዓይነት መዘዝ እንደመዘዝኩ ብታዩ!

አፈሩ ሳይደርቅ ተጀመረ። "ለምን አልተመረመረም?" አለ አንዱ። ይኼ እንግዲህ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው ሰው ጋ ሲደርስ መልስ ሆኖ ቁጭ አለ። መጀመሪያ የስኳር ፋብሪካዎች ናቸው ተባለ። ወዲያው ደግሞ የለም፣ ፋርማሲዎች ናቸው፣ በሽተኛ አሳጥቷቸው ነው ተባለ። ጆሮው ላይ በሚያደርገው ማዳመጫ የተላከ ሞገድ ነው ያለኝ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ ያውም ቆጣሪያችንን ሊያነብ መጥቶ። ከሁሉ ያሳቀኝ የጨው ነገር ነው። ሰኞ ጠዋት ስለ ጨው አንድ ትልቅ ምስጢር ሊያወጣ ነበር፣ ስለዚህ እሁድ ቀደሙት! ያንን የሰኞ ዝግጅት እሁድ ጠዋት ቁርስ ላይ ጮክ ብሎ አንብቦልኛል። ጨው አታብዙ ነው የሚለው። አለቀ። ይኼ ነው ምስጢሩ።

ጠጉር ቤት ያገኘኋት አንዲት ሴትዮ ደግሞ "ኧረ እሱ አልሞተም፣ አንድ ደሴት ላይ ሻዩን በሦስት ስኳር እየጠጣ ነው" አለች፣ ሚስቱ እኔ መሆኔን ሳታውቅ። ይኼኛው አላሳቀኝም። ቤቴ ገብቼ ምሽቱን በሩን በሩን ሳይ አመሸሁ። ሰው መቼም ሞኝ ነው።

ሥራዬም ተበላሸ። መጋረጃ ፈላጊ ጎረፈ፤ መጋረጃ የሚፈልግ ግን አልነበረም። አንዷ መጥታ "መጋረጃ ፈልጌ ነበር" አለችኝ። "ለየትኛው ክፍል?" ብላት "ለ... ያው ለመስኮት" አለች። ቀጥላ ጠጋ ብላ "ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር እንዴ?" ስትለኝ ደሜ ፈላ። ሲታጠብ የሚለቅ ቀይ ጨርቅ አስታቅፌ ሸኘኋት።

እነዚህን ሁሉ እችላቸው ነበር። ያቃተኝ ዋርሳዬ ነው፣ የባሌ ታላቅ ወንድም። ጋሼ ነው የምለው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ዕድሜውን የጨረሰው መኪና ሲመረምር ነው፤ ይኼ ፍሬን ይይዛል፣ ያኛው አይይዝም እያለ። እና ያንኑ ልማዱን ይዞ መጣብኝ።

"ስሚኝ እቴ" አለኝ፣ መቁረጫ ጠረጴዛዬን በጡጫው እየደበደበ፣ "ሞተር ያለ ምክንያት አይቆምም።"

"ጋሼ፣ ወንድምህ መኪና አይደለም።"

"ኮፈኑ ሳይከፈት ብልሽቱ በምን ይታወቃል? አንቺ እኮ ኮፈኑን አላስከፍትም ያልሽ ሰው ነሽ!"

"አላስከፍትም! አሁንም አላስከፍትም!"

ይኼን ክርክራችንን በማግስቱ በሬዲዮ ሰማሁት። በሕይወቱ ማይክሮፎን ጨብጦ የማያውቅ ሰው ከጣቢያ ጣቢያ ይዞር ጀመር። አዲስ ክራቫት ገዛ። "የወንድሜ ደም ይጮኻል" ይላል፤ ቀጥሎ ስለ ሞተር ይናገራል። መንገድ ላይ ሰዎች እያስቆሙት አይዞህ ይሉታል፣ አብረውት ፎቶ ይነሳሉ። መቃብሩ ይከፈትልኝ ብሎ ለመርማሪዎች አቤቱታ አስገባ። ተጠርጣሪ ስለሌለ ያለ ሚስት ፈቃድ አይሆንም ብለው መለሱት፤ እኔም እፎይ አልኩ።

ምን ያስፈራሽ ነበር ካላችሁ ልንገራችሁ። ቢላው አንድ ነው። ሁለተኛው ግን ሆዱ ሲከፈት የሚወጣው ነው፤ ባሌ ኬክ ይበላ ነበር።

ይኸው አልኩት። ዝናብ ሆነ ፀሐይ፣ ከሬዲዮ ጣቢያው ሲመለስ መንገዳችን መታጠፊያ ላይ ካለው ኬክ ቤት በጓሮ በር ይገባል። የኬክ ቤቱን ባለቤት ሰፈሩ "ዱቄቱ" ነው የሚለው፣ ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት ስለሆነ። እንዴት አወቅሽ እንዳትሉኝ፤ ኮቱን የማጥበው እኔ! ሌላዋ ሚስት የባሏ ኮት ላይ ሽቶ ታገኛለች፣ እኔ ክሬም አገኘሁ። ቁጭ ብዬ እስኪያመኝ ሳቅኩ። ለእሱ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ሲያፍር ማየት አልቻልኩም፤ እወደው ነበር እኮ።

ይልቅ ዱቄቱ ዘንድ ሄድኩ።

"ባሌ እዚህ ይበላል፣ አይደል?"

"እትዬ፣ የደንበኛ ነገር..."

"አትቀባጥር፣ ክሬምህን በሳሙና የማስለቅቀው እኔ ነኝ።"

ተስማማን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለባሌ ብቻ የተለየ ኬክ ይጋገራል። ስኳሩ ሲሶ፣ ቅቤው ለምልክት ያህል፣ ማጣፈጫው የተፈጨ ፖም። ከሌላው እንዳይደባለቅ በትንሽ መጋገሪያ ለብቻው ይወጣል፣ መደርደሪያው ጥግ ላይ ተከድኖ ይቀመጣል፣ ሠራተኛ አይነካውም። ባሌ ምስኪኑ አንድ ቀን ጎርሶ ጎርሶ፣ "ዱቄቱ፣ እጅህ እንደ ድሮው አይደለም" አለው አሉ። ዱቄቱ ይኼን ሲነግረኝ ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን።

እንግዲህ ያቺ መደርደሪያ ጥግ ላይ ተከድና የምትቀመጥ ኬክ ናት ጉድ ያፈላችው። የኬክ ቤቱ ገንዘብ ተቀባይ ከዱቄቱ ጋር ተጣልታ ወጣች፤ ወጥታም ፊቷን በሻሽ ሸፍና ቪዲዮ ለቀቀች። "ለአቶ ጤና ብቻ የሚጋገር ነበር። እኛ እንዳንቀምሰው ተከልክለናል። ለብቻው ነበር የሚከደነው" አለች። አንድ ቃል አልዋሸችም። አገር ተቀጣጠለ!

ባሌ ኬክ ይበላ ነበር ብሎ ያሰበ ግን አንድም ሰው የለም። ኧረ እንዴት ተደርጎ! አቶ ጤና? የስንዴ ዳቦ ነው ብለው አታለውት ነው አሉ። እሱ የዋህ ነው፣ ጣፋጭ መቅመስ ስላልለመደ ልዩነቱን አላወቀም አሉ። የኬክ ቤቱ መስታወት በድንጋይ ረገፈ። ዱቄቱን መርማሪዎች ወስደው ሲጠይቁት ውለው ማታ ለቀቁት፣ ቃል አልወጣውም። ጋሼ ደግሞ ክራቫቱን አጥብቆ፣ "ተጠርጣሪው ተገኘ! አሁን የማንም ፈቃድ አያስፈልግም!" አለ። እውነቱን ነው፣ አያስፈልግም ነበር። መቃብሩ ሐሙስ ይከፈታል ተባለ። ከሳሹ፣ ማለትም እሱ ራሱ፣ አቤቱታውን ካላነሳ በቀር።

ማክሰኞ ዱቄቱ ዘንድ በጓሮ በር ገባሁ። ምድጃዎቹ ቀዝቅዘዋል። እሱ የታጠቡ መጋገሪያዎችን እንደገና ያጥባል። ፊቱ ላይ ዱቄት አልነበረም፤ ለካ ቅንድቡ ሸብቷል።

"ለምንድን ነው የማትናገረው?" አልኩት።

"ምን ብዬ እትዬ? በየቀኑ በጓሮ በር ይገቡ ነበር ልበል? ሰውዬው ሞተዋል። የቀራቸው ስማቸው ነው።"

"አንተስ? መስታወትህ ረግፎ፣ ስምህ ጠፍቶ?"

"የእኔን ስም ማን ያውቀዋል? ዱቄቱ አይደል የሚሉኝ" ብሎ ሊስቅ ሞከረ። ሳቁ ከንፈሩ ላይ ቀረ። "ሚስቴ ልጆቹን ይዛ እናቷ ቤት ሄዳለች። ትምህርት ቤት ውስጥ የገዳይ ልጆች እያሏቸው ነው" አለኝ።

እኔ ነኝ እንግዲህ። የባሌን ልብ ላስታምም ብዬ የሰው ትዳር በተንኩ። ቤቴ ገብቼ መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ፤ አንድ ስንዝር መስፋት አቃተኝ። ስሙን አተርፋለሁ ብዬ ዝም ብል ገላውንም ዱቄቱንም አጣለሁ። ከተናገርኩ ያ ሁሉ ዘመን ያስተማረው፣ ያ "አስቀምጡት! አይቻችኋለሁ!" መሳቂያ ሊሆን ነው። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ አሰብኩት፤ ስም ቢላ አይፈራም። እሱ ግን ይፈራል።

ረቡዕ ጠዋት ሬዲዮ ጣቢያው ሄድኩ። የባሌን ፕሮግራም የተረከበችው ልጅ ትሁት ናት፣ ድምፅዋ ማር ነው (ማር ደግሞ ባሌ የከለከለው ነው)። ስታየኝ ደንግጣ ተነሳች። በስፖንጅ በተለበጠችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ማን ተቀምጧል? ጋሼ! የዕለቱ እንግዳ እሱ ነበር። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ስለ ሞተር እያስረዳ ነው። ወንበር ስቤ አጠገቡ ቁጭ አልኩ፤ ማይክሮፎኑን ወደ እኔ አዞርኩት።

"እኔ የአቶ ጤና ሚስት ነኝ። ባሌ ኬክ ይበላ ነበር" አልኩ።

ልጅቷ አፏን ያዘች።

ሁሉንም ተናገርኩ። የጓሮ በሩን፣ ኮቱን፣ ክሬሙን፣ ፖሙን። ልዩ ኬክ ያስጋገርኩት እኔ ነኝ፣ መርዙ ስኳር መቀነስ ነው፣ ዱቄቱ የተጠረጠረበት ወንጀል የእኔን ቃል መጠበቁ ነው አልኩ። እንዳይቀደድ የከለከልኩት ስለት ስለሚፈራ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለኝም አልኩ። ስናገር ቀለል እያለኝ መጣ። አሁን ያምናሉ ብዬ ነበር፤ ሞኝነቴ!

የመጀመሪያው ደዋይ፣ "ድምፅዋ የእሷ አይደለም" አለ። ድምፄን መቼ ሰምቶት ያውቃል? ሁለተኛዋ እያለቀሰች፣ "እህቴ፣ አስፈራርተውሽ እንደሆነ ገብቶናል። መናገር ካልቻልሽ አንድ ጊዜ ብቻ ሳል አድርጊ፣ እኛ እንረዳሻለን" አለችኝ። ያ ክፍል ደግሞ ደረቅ ነው፣ ስፖንጁ አቧራ ይዟል። ከጠዋት ጀምሮ ውኃ አልቀመስኩም። እንዳልስል ትንፋሼን ያዝኩ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ ታገልኩ፣ ታገልኩ፣ በመጨረሻ ሳልኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ አላቆም አለኝ! የስልኩ መብራቶች ሁሉ ባንድ ላይ በሩ። ሬዲዮ የሚያዳምጡ ሾፌሮች ጡሩምባ ሲነፉ ከመንገድ በኩል ሰማሁ።

"ሰማችሁ?" አለ ጋሼ ከወንበሩ እየተነሳ። "አስገድደዋታል! ወንድሜን አውቀዋለሁ! ወንድሜ ኬክ በአፉ አይዞርም!"

ያኔ ትዕግሥቴ አለቀ። "ቁጭ በል ጋሼ! ልብሱን ያጠብኩት እኔ ነኝ ወይስ አንተ? በዓይኔ አይቼዋለሁ! ዱቄቱ ዘንድ በበሩ ስንጥቅ ተደብቄ አይቼዋለሁ። ቆሞ ነው የሚበላው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚበላው። ሲጨርስ ደግሞ የኬኩን ወረቀት..."

"ይልሰዋል" አለ ጋሼ።

ዞር ብዬ አየሁት። እንደቆመ ነው። ክራቫቱን በእጁ ጨብጦታል።

"አዎ፣ ይልሰዋል" አልኩ።

"ከማዕዘኑ ነው የሚጀምረው?"

"ከማዕዘኑ። አራቱንም ይዞራል። ከዚያ ያጣጥፈውና..."

"ካልሲው ውስጥ ይከተዋል።"

"ካልሲው ውስጥ ይከተዋል" አልኩ። "ለምን ካልሲ ውስጥ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።"

"አባታችን የሚፈትሸው ኪስ ነበር" አለ ጋሼ። "ካልሲውን እኔ ነኝ ያስተማርኩት። ሰባት ዓመቱ ነበር።"

ከዚያ ማዳመጫውን ከጆሮው አወለቀና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። የስልኮቹን መብራት ቁልቁል አየ፣ እኔን አየ። ማይክሮፎኑ ክፍት መሆኑን የረሳው መሰለኝ።

"ሞቷል እኮ" አለኝ።

"አዎ ጋሼ።"

"ወንድሜ ሞቷል እኮ!"

ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ፤ እንደ ሕፃን ልጅ ተንሰቀሰቀ። ልጅቷ ተሯሩጣ ሙዚቃ ከፈተች። እኔ ያንን ሁሉ ጊዜ ስረግመው የከረምኩትን ሰውዬ አቅፌ፣ አዲሱን ክራቫቱን በእንባዬ አራስኩት። ያን ሁሉ ቀን ገዳይ ሲያሳድድ ነው የሰነበተው፤ ለካ መርዶውን የነገረው ሰው አልነበረም።

አቤቱታውን በዚያው ቀን አነሳ። ከዚያ አዲስ ክራቫቱን እንዳሰረ ሄዶ የኬክ ቤቱን ስባሪ መስታወት ከዱቄቱ ጋር ጠረገ። ሕዝቡ ግን ወሬውን አልተወም፤ አሁን እኔንም ጋሼንም አንድ ላይ አስፈራርተውናል፣ ለቅሷችን ራሱ መልእክት ነበረው፣ ሁለት ረጅምና አንድ አጭር ይባላል። ይበሉ። ዱቄቱ ዘንድ ግን ያ "የተመረዘው" ኬክ የቱ ነው እያሉ የሚመጡ ደንበኞች በዝተዋል፤ ልጆቹም ተመልሰዋል።

ሐሙስ ጠዋት ጋሼ ቤቴ መጣ። መቁረጫ ጠረጴዛዬን በጡጫው አልመታውም። አንዱን ጥቅል ጨርቅ ገፋ አድርጎ ተቀመጠና፣ "እሁድ ዕለት ተጨንቆ ነበር?" አለኝ። ማን ገደለው፣ ምን ሰጡት፣ ማን ገባ፣ ማን ወጣ ሲለኝ የከረመ ሰው ይኼን ጠይቆኝ አያውቅም።

"አልተጨነቀም" አልኩት። "ወንበሩ ላይ ነበር። ሻይ ላፍላልህ ብለው ቆይ፣ ትንሽ ልረፍ አለኝ።"

"ሌላስ ምን አለ?"

እኔም መርፌዬን አስቀምጬ ከጠዋቱ ጀምሬ ነገርኩት።